የጎጃም ፎቅ አመዱን ከስምጥ ሸለቆ ለምን ያስመጣል?

በሲሚንቶ ገበያ እንደ ቀኖና የሚታይ አንድ አባባል አለ። «ኦፒሲ ለሶሌታ፣ ፒፒሲ ለልስን» ይባላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ባለ 4 ፎቅ የሚያሠራው ነጋዴ፣ ቡሬ ላይ መጋዘን የሚያቆመው ባለሀብት፣ አማካሪ መሐንዲሱና ፎርማኑ በሌላው ነገር ሁሉ ቢጣሉ በዚህ ይስማማሉ። ፒፒሲ የተባለው ቅይጥ ሲሚንቶ ለግንብና ለልስን ይታመናል፤ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ግን አይታመንም። ስለዚህ ፎቅ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ዋጋው ከፍ ያለውንና ክሊንከር የበዛበትን ይገዛል።

ይህ ጸሐፊ መሐንዲስ አይደለም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን ገበያ ላይ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ሲያጋጥመው «ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። የዚህ እምነት ሒሳብ ከየትም በላይ የሚከብደው ደግሞ ከዓባይ ማዶ ባለው ገዢ ላይ ነው። በዓለም ላይ «ካርቦኑ የቀነሰ ኮንክሪት» እየተባለ የሚወራው ጉዳይ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ከሁሉ በፊት የኪስ ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ክሊንከር ምንድነው?

በሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ዋናው ነገር ክሊንከር ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ ተፈጭተው እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲጋገሩ የሚወጣው እንክብል ማለት ነው። ኦፒሲ ከ100 እጁ 95 ያህሉ ክሊንከር ሲሆን የቀረው ጂፕሰም ነው። ፒፒሲ ውስጥ ግን ከክሊንከሩ የተወሰነው ቀርቶ በምትኩ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ባለሙያዎች ፖዞላና የሚሉት፣ ይገባበታል። በአገራችን ፋብሪካዎች ለዚህ ሲያገለግል የኖረው በስምጥ ሸለቆ በአዳማና በሞጆ አካባቢ የሚቆፈረው ፑሚስ ነው።

አንድ ቶን ክሊንከር ለማምረት ከ0.8 እስከ 0.9 ቶን የሚደርስ የካርቦን ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲጋገር በውስጡ የታሰረው ጋዝ ይለቀቃል። ስለዚህ ምድጃው በምንም ዓይነት ነዳጅ ቢነድ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣውም በዚህ የተነሳ ነው። የሚያዋጣው መንገድ ክሊንከሩን መቀነስ ነው።

ይህ ለመንግሥታችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በሲሚንቶ ውስጥ የፑሚስን ድርሻ ማሳደግ ከኢንዱስትሪው ዘርፍ እርምጃዎች እንደ አንዱ አስፍሮታል። ስትራቴጂው ይህን ቢልም የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ክፍሎች ለፎቅ ኦፒሲ ማዘዛቸውን አልተዉም።

ክሊንከር የውጭ ምንዛሪም ነው። ምድጃዎቹ ከከባድ ዘይት ወደ ድንጋይ ከሰል ከዞሩ በኋላ ከሰሉ ለብዙ ዓመታት ከደቡብ አፍሪካ በጅቡቲ በኩል ሲገባ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ፣ መለዋወጫውም ጡቡም ከሰሉም፣ በብር ሲሰላ ዋጋው ዘለለ። ክሊንከር የቆጠበ ገዢ ዶላርም ቆጠበ ማለት ነው።

የዓባይ በረሃ ሒሳብ

አገሪቱ አሁን ሲሚንቶ የማምረት አቅም ያንሳታል ማለት ይከብዳል። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሙገር፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ደርባና ዳንጎቴ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው የተባለው የለሚ ፋብሪካ፣ ሁሉም ትላልቆች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ በሸዋ በኩል ናቸው። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሲሚንቶ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘውን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። መንገድ ሲዘጋ በመጋዘን ያለው ሲሚንቶ በአንድ ሌሊት ዋጋው ይቀየራል። በ2015 መጀመሪያ መንግሥት የመሸጫ ዋጋ ተምኖ ነበር፤ ተመን ግን መንገድ አይከፍትም፤ ተሳቢም አይጭንም። ከፋብሪካው የራቀ ገዢ ሁልጊዜ የሚከፍለው የትራንስፖርቱን፣ የደላላውንና የሥጋቱን ዋጋ ደምሮ ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ሒሳብ እንሥራ። 300 ሜትር ኩብ ኮንክሪት የሚፈጅ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ፍኖተ ሰላም ላይ ይሠራል እንበል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ኦፒሲ ቢገባ በጠቅላላው 1,080 ኩንታል ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 1,026 ኩንታሉ ክሊንከር ነው።

ባለቤቱ ኦፒሲውን ትቶ 30 በመቶ አመድ ያለበት ፒፒሲ ይግዛ። ገበያ ላይ የሚገኘው ፒፒሲ ብዙውን ጊዜ የጥንካሬ ደረጃው ከኦፒሲው ዝቅ ያለ ስለሆነ መሐንዲሱ 10 በመቶ ይጨምርበት። በዚህ ስሌት 1,188 ኩንታል ይሆናል። በውስጡ ያለው ክሊንከር ግን 772 ኩንታል ብቻ ነው። የክሊንከሩ ልዩነት 254 ኩንታል፣ የካርቦኑ ልዩነት ደግሞ ከ20 ቶን በላይ ነው። ለአንድ ሕንፃ ይህ ትንሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ የጎጃሙ ገዢ እዚህ ላይ ጥያቄ አለው። ካርቦኑ ቀነሰ፤ ጭነቱ ግን ከ1,080 ወደ 1,188 ኩንታል ጨመረ! አመዱ ከስምጥ ሸለቆ ተቆፍሮ ወደ ሙገር ይጫናል፤ ከዚያ ከክሊንከሩ ጋር ተፈጭቶ በከረጢት ሆኖ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። የኪራዩ ሒሳብ ሲመጣ ባለ ሕንፃው ከኦፒሲው የተሻለ ነገር ላያገኝ ይችላል። እንግዲህ «ኦፒሲ ይሻለኛል» የሚለው የቡሬ ነጋዴ ለካርቦን ደንታ ስለሌለው ነው ብሎ መውቀስ አይቻልም። በቀረበለት ዋጋ ትክክል ነው። የተሳሳተው የገበያው አደረጃጀት ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ከቡሬ እስከ እንጅባራና ከዚያም ወደ ጣና አቅጣጫ ያለው አገር በጂኦሎጂ አቆጣጠር የቅርብ ጊዜ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው። የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች የተኙት በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ቀይና ጥቁር ልል ድንጋይ የያዙ ሾጣጣ ኮረብታዎች በአካባቢው አሉ። የመንገድ ሠራተኛ «ቀይ አሽ» የሚለው ይኸው ነው። እስካሁን የሚታወቀው ለመንገድ ድልዳሎና ለብሎኬት ነው። ከታች ደግሞ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ተነባብሮ ተቀምጧል። ዓባይ ኢንዱስትሪ አክሲዮን ማኅበር ለሲሚንቶ ፋብሪካው ደጀንን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው አመድ ከስምጥ ሸለቆ ማስመጣቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው።

የዚህ ጸሐፊ ሐሳብ አጭር ነው። ወደ ምዕራብ ጎጃም መጫን ያለበት ያለቀለት ሲሚንቶ ሳይሆን ክሊንከር ነው። አመዱ እዚያው ተጨምሮ ቡሬ ላይ ይፈጭ። ከላይ ባለው ምሳሌ ለዚያው ሕንፃ መንገድ ላይ የሚወጣው 772 ኩንታል ክሊንከርና 59 ኩንታል ጂፕሰም ብቻ ይሆናል። 1,080 ኩንታል የነበረው ጭነት ወደ 831 ወረደ ማለት ነው። 249 ኩንታል ቀነሰ። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ከግማሽ በላይ ባዶውን ቀረ እንደማለት ነው። ክሊንከሩና ጂፕሰሙ ከደጀን መምጣት ከቻሉ ደግሞ በረሃውን መሻገርም አይኖርም።

ማስፈጫ ብቻ የያዘ ፋብሪካ እንግዳ ነገር አይደለም። የኖራ ድንጋይ የሌላቸው ብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ክሊንከር ገዝተው ወደብ ላይ እየፈጩ ነው ከተሞቻቸውን የሠሩት። ካሜሩን ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ኮረብታ የሚቆፈር፣ ከእኛው ቀይ አሽ ጋር የሚመሳሰል ድንጋይ ለሲሚንቶዋ ስትጨምር ኖራለች። ማስፈጫ ምድጃ ስለማይኖረው ዋጋው ከሙሉ ፋብሪካ በብዙ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ከሰል ሳይሆን መብራት ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴው ግድብም ያረፈው በዚያው በዓባይ ላይ ነው። በዶላር የሚገዛ ከሰል በብር በሚከፈል መብራት ቢተካ የሚጠላ የፋይናንስ ባለሙያ ያለ አይመስለንም።

ለምን ቡሬ? ቡሬ መስቀለኛ ናት። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስዱት መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የሚገኙት በዚችው ከተማ ነው። እነዚህ የሳቧቸው ሠራተኞችና ነጋዴዎች ቤት፣ መጋዘንና ሱቅ ይፈልጋሉ። የከተማ ፕላኑም በዋና መንገድ ዳር ፎቅ እንዲሠራ ሲጠይቅ ገበያው ከወዲሁ ተፈጠረ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ መሬቱ አሲድ በዝቶበት ተቸግሯል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የኖራ ድንጋዩ ደጀን እያለ ገበሬው የማያገኘው በመፍጨትና በማጓጓዝ ችግር ነው። ግንባታ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ኖራ ግን ክረምቱ ሳይገባ ከዘር በፊት ተፈጭቶ መዘጋጀት አለበት። የሲሚንቶ ፍላጎት ሲወርድ ኖራ የሚፈጭ ማስፈጫ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም። አንድ ኢንቨስትመንት ሁለት ገበያ አገኘ ማለት ነው።

«ፎቁ ቢወድቅስ?»

የገዢው ፍርሃት በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ በኮንክሪት ላይ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ተቃውሞዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

አንደኛ፣ «ቅይጥ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠነክርም» ይባላል። እውነት ነው። አመዱ ሥራውን የሚጀምረው ክሊንከሩ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚለቀውን ኖራ እየጠጣ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። በ7ኛው ቀን ከኦፒሲ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከ28ኛው ቀን በኋላ ግን መጠንከሩን ይቀጥላል፤ ውሃ የማያሳልፍ እየሆነም ይሄዳል። ጉዳቱ ካሳፎርማው ለተወሰኑ ቀናት ተጨማሪ መቆየቱና ኪራዩ መጨመሩ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራ በሚቆምበት አገር፣ ካሳፎርማ ጥቂት ቀን ስለዘገየ ከሚደርሰው ኪሳራ ሲሚንቶ ሲጠበቅ የሚደርሰው አይብስም ወይ?

ሁለተኛ፣ «ለረጅም ሕንፃ አይሆንም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የዱባዩ ቡርጅ ከሊፋ መሠረት የፈሰሰው ሩቡ የከሰል አመድ በሆነ ቅይጥ ነው። መሐንዲሶቹ አመድ የጨመሩት ሲሚንቶ አጥተው አልነበረም። ወፍራም ኮንክሪት ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት እንዳይሰነጥቀውና ጨው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ብለው ነው። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈጀው የህዳሴው ግድብ የተሠራው በሮለር እየተጠቀጠቀ በሚሞላ፣ ሲሚንቶው አነስተኛ በሆነ ኮንክሪት ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 209 ሜትሩን የንግድ ባንክ ሕንፃ የሚያህል ነገር ፍኖተ ሰላም ላይ ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ለባለ 4ና ለባለ 6 ፎቅ ጥያቄው «ይችላል ወይ?» ሳይሆን «ማን መዝኖ ያረጋግጣል?» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው። «አመድ ጨምሩ ከተባለ ነጋዴው አፈር ይጨምራል» ይላሉ። ይህን ሥጋት የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለየው በማይችለው ዕቃ ላይ ጥርጣሬ ሲገባው ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ይሸሻል። ኦፒሲ የሚወደደው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን እምነት ስለሚጣልበትም ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ስብከት አይደለም፤ ምርመራ ነው። የኮንክሪት ኪዩብ የሚሰብር ማሽን ባሕር ዳር ድረስ ሳይሄዱ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ ውጤቱም ለባለ ሕንፃው በወረቀት ከተሰጠው፣ ጥርጣሬው በአንድ የግንባታ ወቅት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለባለሀብትም ማስጠንቀቂያ አለ። ቀይ ድንጋይ ሁሉ ፖዞላና አይደለም። የጎጃም ቀይ አሽ ከስምጥ ሸለቆው ፑሚስ የተለየ ነው፤ ሲሊካው ያነሰ ስለሆነ በደንብ ደቆ መፈጨት አለበት። ድርሻውም ከ30 በመቶ በታች ሊሆን ይችላል። ኮረብታው አንድ በአንድ ተፈትሾ እንጂ በግምት ገንዘብ አይፈስበትም።

አመዱ ባይሆን እንኳ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። በስዊዘርላንድ፣ በኩባና በህንድ ባለሙያዎች ትብብር የተገኘው አዲሱ ሲሚንቶ ግማሹ ክሊንከር፣ 30 በመቶው የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶው ያልተጋገረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀሪው ጂፕሰም ነው። ሸክላው የሚቃጠለው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ካርቦኑ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። የጎጃም ቀይ አፈር ከባዝልት ድንጋይ መበስበስ የመጣ ስለሆነ ለዚህ የሚሆን ሸክላ መፈለጉ ይገባል። የሚቆፈረው ግን ከእርሻ መሬት መሆን የለበትም፤ ገበሬን አፈናቅሎ «አረንጓዴ» መባል አይቻልም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ሳንቲም አይጠይቅም። በክልሉ ትልቁ የፎቅ አሠሪ መንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም፣ ቢሮውንም የሚያሠራው እሱ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ «ኦፒሲ ይሁን» የሚለው ተሰርዞ «በ28 ወይም በ56 ቀን ይህን ያህል ጭነት ይሸከም» በሚለው ይተካ። ተቋራጩ ጥንካሬውን ያምጣ እንጂ በምን እንዳመጣው የራሱ ጉዳይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጥሩ ቅይጥ የሚያመርት ፋብሪካ ገበያ ያገኛል፤ ገበያ ሲኖር ባለሀብት ይመጣል።

ሁለተኛው የክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤትና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያሉትን የቀይ አሽ ኮረብታዎች መርምረው ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ነው። ይህ መረጃ ለአንድ ባለሀብት ብቻ ሲሆን ውድ ነው፤ ለሁሉም ሲሆን ግን ርካሽ ነው። መንግሥት መግባት ያለበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው እንጂ በየመጋዘኑ ኩንታል በመቁጠር አይደለም።

ሦስተኛው ፋብሪካዎቹን ይመለከታል። ክሊንከር ለውጭ ማስፈጫ መሸጥ ከረጢት ላይ የሚገኘውን ትርፍ የሚያሳጣቸው ስለሚመስላቸው ላይወዱት ይችላሉ። ግን በአንድ ቶን ክሊንከር ብዙ ሲሚንቶ የሚሸጥበት ገበያ ከተፈጠረ ምድጃቸው ሥራ አይፈታም። ነገሩን በንግድ ውል መልክ ማሰብ ይችላሉ።

አራተኛው ባለ ሕንፃውን ራሱን ነው። ማስፈጫ እስኪተከል ድረስ ካርቦንም ገንዘብም የሚቆጠብበት መንገድ በእጁ ነው። ሠራተኛው ለማቡካት እንዲቀለው ውሃ ሲያበዛ ኮንክሪቱ ይደክማል፤ የደከመውን ለማካካስ ሲሚንቶ ይጨመራል። ውሃው ተለክቶ ቢገባ፣ ኮንክሪቱ በቫይብሬተር ቢጠቀጠቅ፣ ሶሌታው ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ውሃ ቢጠጣ፣ በየሜትር ኩቡ የሚባክነው ሲሚንቶ ይተርፋል። ይህ ለፒፒሲ ከኦፒሲም ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኖራ ተያይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል። የዛሬው ፎቅ ከኖራ የጠነከረ ነገር ይፈልጋል፤ ጥሬ ዕቃውም ከእግራችን ሥር አለ። የምዕራብ ጎጃም ገዢ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ለአመድ የትራንስፖርት ኪራይ መክፈሉን እንዲያቆም ከተፈለገ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች ከጨረታ ሰነዱ ይጀምሩ። ለዚያ የሚያስፈልገው ወረቀትና ፊርማ ብቻ ነው።